ደካማ ካርታ ይዞ ማጥቃት፦ ከዲፕ ስታክ ውድድሮች የተማርኩት

የዲፕ ስታክ ፖከር ውድድር ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች የቢግ ብላይንዱን (በየእጁ ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ ከሚያስገቡት የግዴታ ውርርድ ትልቁን፤ ትንሹ ስሞል ብላይንድ ይባላል) 200 ወይም 300 እጥፍ ቺፕ ይዞ ይቀመጣል። ላስ ቬጋስ የሚካሄደው የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋናው ውድድር ለምሳሌ 60,000 ቺፕ ይሰጣል። ስሞል ብላይንዱ በ100፣ ቢግ ብላይንዱ በ200 ስለሚጀምር 300 እጥፍ ነው፤ አንዱ ደረጃም (ብላይንዱ ሳይጨምር የሚቆይበት ጊዜ) ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ተጫዋች ይህን ያህል ቺፕና ጊዜ ሲያገኝ ጥሩ ካርታ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ግን ደካማ ካርታ የምጫወተው ያኔ ነው፤ ያውም በኃይል። ቺፑ ካነሰ በኋላ ይህ መንገድ ይዘጋል።

ለምን እንደሚዘጋ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 20 ብላይንድ (የቢግ ብላይንዱን 20 እጥፍ) ያለው ሰው በ2.5 ብላይንድ ከፍቶ (የመጀመሪያውን ውርርድ አድርጎ) ቢግ ብላይንዱን ያስገባው ሰው ኮል ቢያደርገው (ያንኑ ያህል ከፍሎ ቢከተለው)፣ ከስሞል ብላይንዱና ከአንቲው (ከብላይንዱ በተጨማሪ ከሚገባው የግዴታ ቺፕ) ጋር ፖቱ (መሃል የተከማቸው ቺፕ) 6.5 ይሆናል። በእጁ የቀረው 17.5፣ ማለትም የፖቱ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ከፍተኛ ጥንድ (ጠረጴዛው ላይ ከተገለጠው ትልቁ ካርታ ጋር ጥንድ) ያገኘ ሰው ሳያመነታ ሁሉንም ያስገባል፤ እሱን በብላፍ (ደካማ እጅ ይዞ ጠንካራ በማስመሰል ውርርድ) ካርታውን ማስጣል ከንቱ ልፋት ነው። ያው እጅ በ200 ብላይንድ ሲጫወት ግን በሁለቱም ፊት 197.5 ይቀራል፤ የፖቱ 30 እጥፍ። በፍሎፕ (ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ በሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች)፣ በተርን (በአራተኛው) እና በሪቨር (በአምስተኛው) ሙሉ ፖቱን እየወረድኩ (እየተወራረድኩ) ብሄድ 6.5፣ ቀጥሎ 19.5፣ ቀጥሎ 58.5 አስገባለሁ፤ በድምሩ 84.5። አንድ ጥንድ የያዘውን ሰው ያለውን ቺፕ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረውን እየጠየቅኩት ነው። ለአንድ ጥንድ ይህን የሚከፍል ተጫዋች ብዙ የለም። ያን ጥንድ ማግኘቱም ራሱ ቀላል አይደለም፤ ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች የያዘ ሰው፣ አስና ኪንግም ቢሆን፣ ፍሎፑ የሚጠቅመው ከሦስት አንዴ ገደማ ነው።

ደካማ ካርታ ስል ግን የመጣውን ሁሉ ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ምልክታቸው (ልብ፣ ስፔድ፣ ክለብ ወይም ዳይመንድ) የተለያየ ኪንግና ሰባት፣ ምልክታቸው አንድ ከሆነ ሰባትና አምስት የተሻለ ይመስላል። ቺፕ በበዛበት ጠረጴዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኪንግ ሰባት ኪንግ ሲመታለት የሚከፍለው ሰው ያጣል፣ ወይም የተሻለ ኪንግ ያለው ሰው ይይዘዋል፤ ሲያሸንፍ ጥቂት፣ ሲሸነፍ ብዙ ነው። ሰባት አምስት ካልተመታለት ያለጸጸት ይጣላል። ሲመታለት ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ወይም ሁለት ጥንድ ይሆናል፤ ማንም አይጠረጥረውም፣ ያኔ ደግሞ የተቃራኒው ቺፕ በሙሉ ሊመጣ ይችላል። ምልክታቸው አንድ የሆኑ ካርታዎች ፍሎፑ ላይ ያለቀለት ፍላሽ (ምልክታቸው አንድ የሆነ አምስት ካርታ) የሚሆኑት ከ1 በመቶ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ለፍላሽ አንድ ካርታ ብቻ የሚጎድላቸው ግን 11 በመቶ ገደማ። እኔ የምፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ እየወረድኩ ለመሄድ ምክንያት ይሰጠኛልና። ኮል ብደረግም የሚያድነኝ ካርታ አለ።

ስለዚህ ለማጥቃት የምመርጣቸው ሰባት አምስት፣ ስድስት አምስት፣ ስምንት ስድስት፣ እንዲሁም አስ ከአምስት ወይም ከአራት ጋር ናቸው፤ ሁሉም ምልክታቸው አንድ ሲሆን ብቻ። አስ አምስትን በተለይ እወደዋለሁ። አንዱን አስ እኔ ስለያዝኩት ተቃራኒዬ አስና ኪንግ ወይም ሁለት አስ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል፤ ፍላሽ ከመጣም የኔን የሚበልጥ የለም። በሰባት አምስት የመጣ ፍላሽ ግን እንደዚያ አይደለም። ትንሽ ፍላሽ ይዤ 200 ብላይንድ ሙሉ ከገባ፣ በአብዛኛው ትልቅ ፍላሽ እየጠበቀኝ ነው። በዚህ እጅ ከሁለት መካከለኛ ውርርድ በላይ ፖቱን አላሳድግም።

ቦታ ደግሞ ከካርታው ይበልጣል። በእነዚህ ካርታዎች የማጠቃው በተን (ከፍሎፑ በኋላ በየዙሩ መጨረሻ የሚናገረው ሰው ቦታ) ላይ ወይም ከእሱ አንድ ቀደም ብዬ ስቀመጥ ነው። ከብላይንድ ሆኜ ግን በሰባት አምስት ሬይዝ (ውርርዱን ከፍ ማድረግ) ላይ ሬይዝ ማድረግ ትቻለሁ። በየዙሩ ቀድሞ መናገር ማለት ሦስቴ በጨለማ መወሰን ነውና።

በመጀመሪያው ደረጃ ከራሴ ካርታ ይልቅ የሌሎቹን አጨዋወት እከታተላለሁ። ፍሎፑ ላይ ኮል አድርጎ ተርን ላይ የሚጥለው ማነው? ሪቨር ድረስ በሁለተኛ ጥንድ የሚከተለውስ? ሁለተኛውን ሰው በብላፍ አልነካውም። በእሱ ላይ ትርፉ ጥሩ እጅ ይዞ ትልቅ መውረድ ነው። የምፈልገው ጥሩ ተጫዋች ነው፤ ካርታውን መጣል የሚችል፣ ምን ልይዝ እንደምችል የሚያስብ፣ ከውድድሩ በመጀመሪያው ቀን መውጣት የማይፈልግ።

አንድ እጅ በዝርዝር ልንገራችሁ። ብላይንዱ 200 እና 400፣ አንቲው 400፤ ሁለታችንም 100,000 ገደማ አለን። መካከል ላይ የተቀመጠ በሳል ተጫዋች በ1,000 ከፈተ። እኔ በተን ላይ የልብ ሰባትና አምስት ይዣለሁ፤ 3,600 አደረግኩት። ሌሎቹ ጣሉ፣ እሱ ኮል አደረገ። ፖቱ 8,200። ፍሎፑ የስፔድ ኪንግ፣ የልብ ስምንት፣ የክለብ አራት። ስድስት ከመጣ ስትሬት ነኝ፤ ልብ በልብ ላይ ከተከታተለም ፍላሽ አለ። እሱ ቼክ አለ (ሳይወራረድ አለፈ)፣ 3,000 ወረድኩ። ኮል።

ተርኑ የልብ ሁለት። አሁን ዘጠኝ ልብና ልብ ያልሆኑ ሦስት ስድስቶች ያድኑኛል፤ ካላየኋቸው 46 ካርታዎች 12ቱ፣ ማለትም 26 በመቶ። ፖቱ 14,200፤ 10,000 ወረድኩ። ከመውረዴ በፊት ሪቨር ላይ የምቀጥልባቸውን ካርታዎች ለይቼ ጨርሼ ነበር፦ ስድስት ወይም ልብ ከመጣ ለዋጋ (በደካማ እጅ እንዲከፍለኝ)፣ አስ ከመጣ በብላፍ፣ ሌላ ባዶ ከሆነ ቼክ። እሱ ጥቂት አስቦ ኮል አደረገ።

ሪቨሩ የዳይመንድ አስ ሆነ። የኔ እጅ ሰባት ከፍተኛ ነው፤ ቼክ ብል የማሸንፈው የለም። ፖቱ 34,200 ነበር፣ እኔ 40,000 አስገባሁ። ይህ መጠን ትርፍ እንዲኖረው ከመቶ 54 ጊዜ ገደማ መጣል አለበት፤ ስሌቱ ቀላል ነው፣ ውርርዱን ለውርርዱና ለፖቱ ድምር ማካፈል። እዚያ ቁጥር ላይ ይደርሳል ብዬ ያመንኩት በታሪኩ ነው። ሦስት ስምንቶች ወይም ሦስት አራቶች ቢኖሩት፣ ሁለት ልብ ያለበት ተርን ላይ ሬይዝ ያደርግ ነበር። አስና ኪንግ ቢኖረው ከፍሎፑ በፊት በአብዛኛው እንደገና ከፍ ያደርገው ነበር። የቀሩት ኪንግና ኩዊን፣ ኪንግና ጃክ፣ ጥንድ ጃክ፣ ጥንድ አስር ነበሩ። እኔ ደግሞ ከፍሎፑ በፊት ሬይዝ ላይ ሬይዝ ያደረግኩ ሰው ነኝ፤ አሱ ከሱ ይልቅ እኔን የሚጠቅም ካርታ ነው። ረጅም ጊዜ አሰበ፤ ከዚያ ኪንግና ኩዊኑን ገልጦ አሳይቶ ጣለ።

በዚያ እጅ አንድ የሚቃረነኝ ነገርም ነበር። ሁለት ልብ መያዜ ተቃራኒዬ ያልተሳካ ፍላሽ የመያዝ ዕድሉን ይቀንሳል፤ እነዚያ ደግሞ በቀላሉ የሚጥላቸው እጆች ናቸው። ሰውየው በብዛት ኪንግ ይዟል ብዬ ባላምን ኖሮ፣ በዚያ ምክንያት ብቻ ቼክ እል ነበር።

በ2003 የዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ክሪስ መኒሜከር በሳሚ ፋርሃ ላይ ያደረገውን ብላፍ ብዙ ሰው እንደ ድፍረት ብቻ ያስታውሰዋል። እኔ ግን የማየው ተርኑን ነው። መኒሜከር ኪንግና ሰባት ይዞ ተርን ላይ ለፍላሽም ለስትሬትም አንድ አንድ ካርታ ነበር የጎደለው፤ ሬይዝ ያደረገው ያኔ ነው። ሪቨሩ ለሁለቱም ባዶ ሲወጣ ኦል ኢን አለ (ቺፑን በሙሉ አስገባ)፣ ፋርሃም ጥንድ ዘጠኝ ይዞ ጣለ። ድፍረቱ ከበስተኋላው ስሌት ነበረው፤ የተሻለው እጅ ባይጣልለት እንኳ የሚያድኑት ብዙ ካርታዎች ነበሩ።

ትልቁ ለውጥ የመጣልኝ በሦስተኛው ውርርድ ነው። ፍሎፕና ተርን ላይ ወርዶ ሪቨር ላይ ቼክ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ከሁሉም ውዱ አጨዋወትም ይሄ ነው፤ ተቃራኒው ሁለት ጊዜ ከፍሎ በነፃ ያሸንፋል። ሪቨር ላይ የምወርድበት ካርታ ከሌለ ተርን ላይ አልወርድም። ተርን ላይ የምወርደውም ጥሩ እጅ ብይዝ የምወርደውን ያህል ነው፤ መጠኑ በየእጁ ከተቀያየረ የሚያየኝ ሰው ይረዳዋል። አንዴ ብላፌ ተይዞ ካርታዬ ከታየ ደግሞ ለቀጣዩ ሰዓት ያህል ብላፉን አቁሜ ጥሩ እጄን በተመሳሳይ መጠን እወርዳለሁ፤ ጠረጴዛው ያን ጊዜ ይከፍላል።

ብላይንዱ እየጨመረ ቺፔ ወደ 40 እጥፍ ሲወርድ ሰባት አምስት ከዝርዝሬ ይወጣል፤ አስ አምስት ይቆያል። ለሽልማት ጥቂት ሰው ሲቀር ደግሞ የማጣው ቺፕ ከማገኘው የበለጠ ዋጋ ስላለው፣ ብዙ ቺፕ ያለውን ሰው መንካት እተዋለሁ። የሚቆጠረውም የኔ ቺፕ ብቻ አይደለም፤ ከሁለታችን ያነሰው ነው። እኔ 200 ብላይንድ ይዤ የከፈተው ሰው 25 ብቻ ካለው፣ ሰባት አምስት ያለምንም ማመንታት ይጣላል።