በ48 ዓመቴ ክብደት ማንሳት

«ምን እያደረግሽ ነው?» የሚለኝ ሰው ሰሞኑን በዝቷል። ደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስኒከር አድርጌ ስወጣ ያየኝ ሁሉ ወዴት እንደምሄድ ይጠይቃል፣ እኔም ለየሰዉ ቆሜ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

አሰልጣኝ ይዤ ክብደት እያነሳሁ ነው። ለመክሳት አይደለም። ጉልበት ለማግኘት ነው። ለኔ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

እኛ ዘንድ ስለ ሴት ሰውነት የሚወራው ወፈረች ከሳች ብቻ ነው። ደልደል ስትይ «ተመችቷታል» ትባያለሽ። ትንሽ ቀነስ ስትይ ደግሞ ሰፈሩ ይጨነቃል። ጎረቤቴ አንድ ቀን እጄን ይዛ «እታለም፣ በማርቆስ ይዤሻለሁ፣ የያዘሽ ነገር ካለ አትደብቂኝ» ብላኛለች። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከመሬት ሳትደገፊ ትነሻለሽ ወይ፣ ዳገት ስትወጪ ጉልበትሽ ይይዝሻል ወይ፣ ከወንበር ስትነሺ በእጅሽ ትገፊያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከ40 በኋላ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

ጡንቻ ካልተሠራበት ከ30 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ባለሙያዎች በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይላሉ፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። እኛ ሴቶች ላይ ሌላም ይጨመራል። በማረጥ ጊዜ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንትም ይሳሳል። በየሰፈሩ አንዲት እናት አሉ፤ ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከዚያ ወዲህ ቤት የቀሩ። «ዕድሜ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ዕድሜ ብቻ ግን አይደለም፤ የጡንቻና የአጥንት መድከምም ነው፣ እሱን ደግሞ በሥራ ማዘግየት ይቻላል። ሚዛን ላይ ወጥቶ ይህን ማየት አይቻልም። ኪሎው እንዳለ ሆኖ ጡንቻው ሄዶ ስብ ሊተካበት ይችላል።

እኔን ወደዚህ የወሰደኝ ትከሻዬ ነው። መምህር ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። ቀኝ ትከሻዬ መያዝ የጀመረው ሳላውቀው ነው፤ መጀመሪያ ሰሌዳው አናት ላይ ቀኑን መጻፍ አቃተኝ፣ ቀጥሎ ፀጉሬን መጎንጎን፣ በመጨረሻ ነጠላዬን ወደ ኋላ ማጣፋት እንኳ ሰው መለመን ሆነ። ሠርግ ላይ ተቀምጬ እስክስታ ሳይ ዓይኔ እንባ ያቀር ነበር። ለጎጃም ሰው ትከሻ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ያየኝ ሐኪም በደንብ አስረዳኝ። እንዲህ ያለው የትከሻ መያዝ ከ40 እስከ 60 ባለው ዕድሜ ይበዛል፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ስኳሬንም ደም ግፊቴንም ለካ። ስኳሬ ደህና ነበር፣ ግፊቴ ግን ወደ ላይ ማለት ጀምሯል። ሕመሙ ሲበርድ በሚያውቅ ሰው ሥር ሆነሽ አንቀሳቅሺው፣ ትከሻውን ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነትሽን አጠንክሪ አለኝ።

አሰልጣኜ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ወጣት ነው። ድሮ አስተምሬዋለሁ። ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚለኝ፣ አንቱታውንም አልተወም። የመጀመሪያ ቀን ምንም አላስነሳኝም። ደብተር አውጥቶ ጠየቀኝ፦ ምን መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኛል ወይ፣ ደረቴን ይወጋኛል ወይ፣ ስንት ሰዓት እተኛለሁ። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦ እጄን ደረቴ ላይ አስጣምሮ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንቴ ተነስቼ እንደምቀመጥ ቆጠረ። በአንድ እግር አቆመኝ። በመጨረሻ ግድግዳ አስጠግቶኝ «በጣቶችዎ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይውጡ፣ ሲያምዎት ያቁሙ» አለኝ። ጣቴ የቆመበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። በጠመኔ መሆኑ ልቤን ነካው። ያ ግድግዳ ዛሬ ከታች ወደ ላይ የተደረደሩ ነጫጭ ሰረዞች አሉበት፣ አጠገባቸው ወሩ ተጽፏል። አንዳንዱ ወር ሰረዙ ከፊተኛው በጣት ውፍረት ብቻ ነው ከፍ ያለው። እሱ ግን ያንንም ጽፎታል።

ስለ አሰልጣኝ ጥቅም ሰው የሚያስበው የሚያበረታታ፣ የሚጮህ፣ የሚገፋ ሰው ነው። በኛ ዕድሜ ትልቁ ሥራው «ይበቃል» ማለት ነው። ምክንያት አለው። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይነቃል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው፣ ወራት ይፈልጋል። እኛ ጎጃሞች ይህን በእርሻ እናውቀዋለን፤ በሬው ጎልብቶ ጠፍሩ ያረጀ እንደሆነ የሚበጠሰው ጠፍሩ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ልጨምር፣ ቀሎኛል» ስለው ደብተሩን ያያል፣ ሥራው በተከታታይ ሁለት ሳምንት ካልቀለለኝ አይጨምርም። ግድግዳ በመግፋት ጀምረን፣ ወደ ጠረጴዛ ወርደን፣ ቆይተን ነው ወለል ላይ ፑሽ አፕ የደረስነው።

በዚህ ላይ የምናደድበትን ልናገር። በመጀመሪያው ቀን ሰው እስኪያስመልሰው የሚያሠሩ አሉ። ገና የመጣችን እናት መቶ ስኳት (ቁጭ ብድግ) አሠርተው በማግስቱ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታት «ሠራሽ ማለት ነው» ይሏታል። ሁለተኛ አትመለስም። በቀጣዮቹ አንድ ሁለት ቀናት ሰውነት መተሳሰሩና ማመሙ ያለ ነገር ነው፣ መራመድ እስኪያቅት ግን ጀብዱ አይደለም። በአንድ ወር ይህን ያህል ኪሎ እናስቀንሳለን እያሉ ሻይና ዱቄት የሚሸጡትንም እባካችሁ ራቋቸው።

የምንሠራበት ቤት ውስጥ ብረቱ ጥቂት ነው፣ ወጣቶቹ ይሻሙበታል። አብረን ለምንሠራ ለኛ ለሦስት ሴቶች አሰልጣኜ ቢጫ ጀሪካን አመጣልን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ሌላ ሒሳብ የለውም። ባለ 20 ሊትሩ ላይ በማርከር መስመር አሰመረበት፦ 5፣ 8፣ 10፣ 12። ውሃው መስመሩን ተከትሎ ከፍ ሲል ክብደቱም ከፍ ይላል። ጎደሎ ጀሪካን ደግሞ ጸባይ አለው፤ ውሃው ውስጡ ስለሚናወጥ ሆድና ወገብ ጠንክረው ካልያዙት ወዲያና ወዲህ ይጎትታል። መያዣው ጣት ስለሚቆርጥ ያረጀ ነጠላ ቀድጄ ጠመጠምኩበት። አነሳሱን እንደ አዲስ ነው የተማርነው፦ እግር በትከሻ ልክ ከፈት፣ ጀሪካኑ እግር አጠገብ፣ ዳሌ ወደ ኋላ፣ ጀርባ ቀጥ፣ ተረከዝ መሬት ላይ ተተክሎ በእግር መነሳት። ስንት ዓመት ውሃ ቀድተን ኖረናል፣ ሁሌ ግን በወገባችን ነበር የምናነሳው።

ሌላው ትንፋሽ ነው። ከባድ ነገር ስናነሳ ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ ያኔ ደም ግፊት በአንዴ ይዘላል። ግፊት ላለበት ሰው ይሄ አደገኛ ነው። ስትነሺ ማስወጣት፣ ስትወርጂ ማስገባት። ከሩቅ ሆኖ ሌላ ሰው እያሠራ እንኳ «ቲቸር፣ ይተንፍሱ እንጂ!» ይለኛል።

እግር ጉዞም አለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እያወራሽ መሄድ የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የማትችይበት ፍጥነት ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ዳገት ስንወጣ ወሬያችን ራሱ ይለካናል።

ጾሙን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ፣ አሰልጣኜም አንድ ቀን እንኳ «ይብሉ» ብሎኝ አያውቅም። ሰዓቱን ቀየረው። እንደ ጨረስን ገበታ ላይ እንድንቀመጥ ሥራውን ወደ ማፍጠሪያችን አስጠጋው፣ ውሃው ከጀሪካኑ ቀነሰ፣ ድግግሞሹም ቀነሰ። በጾም ወራት ያገኘነውን እንዳናጣ መጠበቅ እንጂ መጨመር አይታሰብም። ጡንቻ ፕሮቲን ይፈልጋል። በፍስክ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይሰጣል። በጾም ደግሞ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ አለው፣ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው በቤታችን ሞልቷል። እኛ እንጀራውን አብዝተን ወጡን በጫፍ ነው የምንነካው። እኔ አሁን ምስሩን በማንኪያ ነው የምበላው።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ደግሞ ዘንድሮ በስቅለት ነው። ስግደት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የሰገደ ያውቀዋል፤ ወርዶ ግንባርን መሬት አስነክቶ መነሳት፣ እንደገና መውረድ፣ ፀሐዩ አናት ላይ፣ ጾሙ በሆድ። ባለፉት ዓመታት ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አንገቴን ብቻ ነበር የማጎነብሰው። ዘንድሮ ከሕዝቡ ጋር ሰገድኩ። መዳፌ መሬት ሲነካ ትከሻዬ ደገፈኝ፣ ስነሳ ጭኔ አነሳኝ። ኪርያላይሶኑን ከሰዎቹ እኩል እያልኩ ሰዓታት አሳለፍኩ። አሰልጣኜ ይህን ስነግረው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ግፊቴ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው፣ ሐኪሙ አሁንም ይከታተለዋል። ነጠላዬን ራሴ አጣፋለሁ። ኪሎዬ ብዙም አልተለወጠም፣ ልብሴ ግን ሰፍቶኛል።

ገንዘቡንስ ለምትሉ፣ ሦስት ሴቶች ሆነን ነው የምንከፍለው። ለአንድ ሰው ከባድ የሆነው ለሦስት ይቻላል፣ አንዷ ስትሰንፍ ሁለቱ በሯን ያንኳኳሉ፣ መንገድ ላይ የሚያፈጥብንም ይቀንሳል። ቀን እያለ ጨርሰን ቤታችን እንገባለን። መብራት ሲጠፋ ግቢ ወጥተን እንሠራለን፣ ጀሪካን መብራት አይፈልግም።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በየትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር አለ፣ ሜዳም አለ። መምህራኑ ግን ስታፍ ሩም ውስጥ ወገቤን፣ ጉልበቴን እየተባባልን እንቀመጣለን። በሳምንት ሁለት ቀን ከክፍል በኋላ አንድ ሰዓት ቢሰጠን፣ መጀመሪያ ሁላችንም ግፊትና ስኳር ተለክተን፣ ሥራውን በሚያውቀው ባልደረባችን ሥር ብንጀምር ምን ይከብዳል? እኔ ለርዕሰ መምህራችን ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። እናንተም በየትምህርት ቤታችሁ አስገቡ። ጀሪካኑን እኛ እናመጣለን።