ጋዙ ሳይሆን ቀዳዳው ነው

ባሕር ዳር ክረምት ሲገባ ፍሪጅ ሥራ ይበዛበታል። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። እኛ ያለንበት ሽምብጥ ደግሞ ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ የታጠበ ልብስ እንኳ በቀኑ አይደርቅም። በር በተከፈተ ቁጥር ያ እርጥበት ሰተት ብሎ ይገባል። ፍሪጃችን ታዲያ ከአትክልት መሳቢያው ስር ውሃ ማቆር ጀመረ። ጠዋት እጠርገዋለሁ፣ ማታ ተመልሶ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ከላይ ደግሞ የፍሪዘሩ ወለል በረዶ ተጋግሮበት የቆሮሶ ዓሣ ያለበት ፌስታል ተጣብቆ አልነሳ አለ።

የሰፈር ጠጋኝ ጠራሁ። በሩን ከፈት አድርጎ አየና «እህቴ፣ ጋዙ ነው፤ ይሞላልሽ» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ጋዝ ያለቀበት ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ነው የሚያቅተው። የኛው ዓሣውን ድንጋይ ያደርገዋል፣ ወተቱም አይበላሽም። ላስብበት ብዬ ሸኘሁት።

ነገሩ የገባኝ ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ጀርባውን ሳይ ነው። ሞተሩ አናት ላይ አንዲት የፕላስቲክ ሳህን አለች። ኖ ፍሮስት የሚባሉት ፍሪጆች ውርጫቸውን ራሳቸው ያቀልጣሉ። ውርጩ የሚሠራው ከፍሪዘሩ የኋላ ሽፋን ጀርባ ባለው የአሉሚኒየም ጥቅልል ላይ ነው። በየተወሰነ ሰዓቱ ሂተር ይበራና ያቀልጠዋል። ውሃው በቀዳዳ ገብቶ በቱቦ ይወርድና እዚያች ሳህን ላይ ይጠራቀማል፤ የሞተሩ ሙቀት ያተነዋል። የኛ ሳህን ደርቃ አቧራ ለብሳለች። ውስጡ ውሃ ሞልቶ ሳህኗ ከደረቀች፣ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው ፍሪዘሩ ወለል ላይ በረዶ ይሆናል፤ የተረፈው ወደ ታች ይንጠባጠባል። የላዩ በረዶና የታቹ ውሃ አንድ በሽታ ናቸው።

ዓሣውንና ቅቤውን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ሶኬቱን ነቀልኩ። በሩን ከፍቼ፣ ፎጣ አንጥፌ ተውኩት። «በቢላ ፈንቅይው» ያላለኝ ሰው የለም። እባካችሁ እንዳታደርጉት። የጋዙ ቧንቧ ስስ ነው፤ ከተበሳ ያኔ በእርግጥም ጋዙ ያልቃል። ሞተሩ ላይ አር 600ኤ የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። የፈላ ውሃ መድፋትም ፕላስቲኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በረዶው ሲለቅ የኋላውን ሽፋን ብሎኖች ፈታሁ። ቀዳዳው ከጥቅልሉ ስር ባለው አሸንዳ መሃል ላይ ነው። ለብ ያለ ውሃ በትልቅ ስሪንጅ ገፋሁበት። እምቢ ብሎ ተመለሰ። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዝቼ ቀስ እያልኩ ወደ ውስጥ ሰደድኩና እንደገና ውሃ ገፋሁ። ድንገት ጉልጉል ብሎ ወረደ፤ ሳህኗ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ተዘረገፈ። ቆሻሻውን ይዛ የነበረችው በቱቦው ታችኛው ጫፍ ላይ ያለችው የጎማ አፍ ናት። አውልቄ በሳሙና አጠብኳት። ከላይ የጨመርኩት ውሃ ሳህኗ ጋ መድረሱን አይቼ ሽፋኑን ገጠምኩ።

ቀዳዳው ተከፈተ፣ ግን ያ ሁሉ እርጥበት በየት ነው የሚገባው? የ10 ብር ኖት በበሩ ጎማ መካከል አድርጌ ዘጋሁና ሳብኩ። ከላይ ያዝ አደረገው፤ ታች ጥግ ላይ ግን ያለ ምንም ትግል ወጣ። ጎማው እዚያ ጋ በፍርፋሪ ቆሽሾ ታጥፏል። በሙቅ ፎጣ አለስልሼ አቃናሁት። በሩ በራሱ ጊዜ እንዲዘጋም የፊት እግሮቹን ትንሽ ከፍ አደረግኩ።

የቀረው ጭቅጭቅ የድስት ነው። ክዳን የሌለው ትኩስ ሽሮ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት እንፋሎት ማስገባት ነው፤ ይሄን ቤተሰቡን ማሳመን ቱቦውን ከመክፈት ይብሳል። ለፋሲካ ሥጋ እስከ ኋላው ግድግዳ መጠቅጠቅም የአየር መውጫውን ይዘጋል። ታችኛውን ክፍል ቴርሞሜትር ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ለኩ፤ ከ4 ዲግሪ ባይበልጥ፣ ፍሪዘሩም ከዜሮ በታች 18 ቢሆን ጥሩ ነው።

ሽፋኑን ስትፈቱ ጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ በበረዶ ተውጦ ካገኛችሁት ግን ጉዳዩ የቀዳዳ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሂተሩ ወይም ሂተሩን በሰዓቱ የሚያበራው ታይመር ሊሆን ይችላል። ያኔ ጠጋኝ ጥሩ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያ (መልቲሜትር) ይዞ የሚመጣውን።