«እርሾ ጨምረህበት ነው»

የአፈር ምርመራ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ለምዷል። ማሽኑ ገና ከመኪና ሳይወርድ «አፈሩ ስንት ጭነት ይይዛል?» ይባላል። የዚህኛው ሕንፃ ዲዛይነር ደግሞ ከዚያም ቀደመ። «200 ኪሎ ፓስካል ብለህ ጻፍልኝ፣ ዲዛይኑን ጨርሻለሁ» አለኝ በስልክ። ታዲያ ምን ልንቆፍር ነው የምንሄደው ልለው አሰብኩና ተውኩት።

ቦታው ሲኤምሲ አካባቢ ነው፤ ጂ ፕላስ 4። ባለቤቱ መርካቶ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ወሩ የካቲት ስለነበር መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ስንቆፍር መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር፣ እስከ ሦስት ሜትር ተኩል ወረደ፤ ከሥሩ የበሰበሰ ባዛልት መጣ። ችግሩን ያመጣው ኤስፒቲው ነው፤ ቱቦ አፈር ውስጥ ለማስገባት ስንት የመዶሻ ምት እንደሚፈጅ የሚቆጠርበት ምርመራ። 63.5 ኪሎው መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ሲመታ፣ ጋሼ አጠገባችን ቆመው ይቆጥራሉ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፊታቸው ይፈካል።

«አየህ? ድንጋይ እኮ ነው!»

ጥቁር አፈር በበጋ ድንጋይ ነው። ክረምት ገብቶ ውኃ ሲጠጣ ያ ሁሉ ቁጥር የት እንደሚገባ በቃል ባስረዳ ባስረዳ አልገባቸው አለ። ስለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ ደርቆ፣ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋ የአፈር ዱቄት ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። ባለ 100 ሚሊ ሊትር፣ የመለኪያ መስመር ያለው ሁለት የብርጭቆ ሲሊንደር ባንኮኒው ላይ አቆምኩ። በአንዱ የእሳቸውን አፈር፣ በሌላው የሽሮ ሜዳ ቀይ አፈር፣ 10 ሚሊ ሊትር እኩል አደረግኩ። ውኃ ሞልቼ «ነገ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ፤ ማንም እንዳይነካው» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ቀዩ 12 ላይ ነው። ጥቁሩ 21 ደርሷል፤ ከእጥፍ በላይ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ሲሊንደሩን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። አሸተቱት። ከዚያ የሱቁን ልጅ ጠሩት።

«ማታ ይህን ነገር ነክተሃል?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም ጋሼ!»

ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው እርሾ ጨምረህበት ነው።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። በነጋዴ ዓይን ካየነው ጥርጣሬያቸው አይፈረድበትም። አፈሩ ባበጠ ቁጥር ሥራ የሚበዛልኝ እኔ ነኝ። ከግቢያቸው ራሳቸው አስቆፍረው፣ በፌስታል ቋጥረው አመጡ። ልጁ አድርቆ፣ ወቅጦ ነፋው። ውኃው በፊታቸው የተከፈተ ሃይላንድ ሆነ። ማታ ሱቅ ሲዘጉ ሲሊንደሩን ካዝና ውስጥ ከብሩ ጋር ቆለፉበት። ጠዋት ካዝናው ሲከፈት 20 ሆኗል። እንዲህ ያለ ውጤት ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ እሳቸው ግን ከሪፖርቱ ይልቅ ያመኑት ይህንን ነው።

«እሺ አበጠ። ጂ ፕላስ 4 ሲጫነው የት አባቱ ያብጣል?»

ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ከባድ ነገር እውነትም ይጫነዋል። አፈሩ የሚያነሳው ቀላል ቀላሉን ነው፤ የምድር ቤቱን ወለል፣ ጥበቃ ቤቱን፣ አጥሩን። ሪፖርቱ ላይም ይህንኑ ጻፍኩ። ፉቲንጉ፣ ማለትም የዓምዶቹ መሠረት፣ ባዛልቱ ላይ ይረፍ። ከወለሉ ሥር መረሬው ወጥቶ ሰሌክት፣ ማለትም የማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ ይሞላ። የጣሪያ ውኃ ከግድግዳው ይራቅ። አጥሩም መሠረቱ በደንብ ይውረድ። ለሕንፃው የተባለው ሁሉ ተደረገ። ያ ዲዛይነርም እያጉረመረመ ሥራውን አስተካከለና በስብሰባ ላይ «እኔ ከመጀመሪያው ያልኩት ነው» አለ። አጥሩ ላይ ሲደርሱ ግን ፎርማኑ «አጥር በሪፖርት አይሠራም» ብሎ አንድ ክንድ አስቆፈረና ድንጋዩን መደርደር ጀመረ። የጣሪያው አሸንዳም ውኃውን የሚያፈሰው እዚያው አጥሩ ሥር ሆነ።

መስከረም ላይ ደወሉ።

«ኢንጂነር፣ አፈርህ አጥሬን ገፋው። የግቢው በርም አልዘጋ ብሏል።»

«አፈሩ የእርስዎ ነው ጋሼ። ካርታው በስምዎ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ያን መልስ በመመለሴ ዛሬም ቅር አይለኝም። ሄጄ ሳይ ጥበቃ ቤቱ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ተተርትሯል፤ አጥሩ እንደ እባብ ሄዷል። ሕንፃው ላይ ግን አንዲት ስንጥቅ ፈልጌ አጣሁ። ጋሼ ወደ ሕንፃው ቀና ብለው «ይኸው፣ ተጫነው አላልኩህም?» አሉኝ። ፉቲንጉ ያረፈው ባዛልት ላይ መሆኑን ላስታውሳቸው ብል ማን ይሰማኛል?

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል ቢያንስ አንድ የሚመሰክርልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር። ምስክርነቱማ አልቀረም። ሰፈር ውስጥ አዲስ ግንባታ የሚጀምር ሰው ሲመጣ ጋሼ በሻይ ብርጭቆ አፈርና ውኃ አድርገው ያሳያሉ አሉ። «ለሶይል ቴስት ምን ገንዘብ ያስከሰክሳችኋል? ይኸው!» እያሉ። ብርጭቆው አፈሩ እንደሚያብጥ ይናገራል። እስከ ስንት ሜትር እንደሚወርድና ከሥሩ ምን እንዳለ ግን አይናገርም። አንድ ጎረቤታቸው በእሳቸው ምክር አንድ ሜትር ጠርጎ፣ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ሞልቶ ሥራ ጀምሯል። ሌላው ባለፈው ደውሎልኝ ነበር፤ ለቁፋሮ መስሎኝ ዋጋ ላወራ ስል «የለም የለም፣ ያ መስመር ያለው ብርጭቆ የት ነው የሚሸጠው?» አለኝ።