በኢትዮጵያ የሕግ ዲግሪ በአሜሪካ ትንሽ ከተማ ጠበቃ መሆን

ከአገር ቤት በሕግ ተመርቆ አሜሪካ የገባ ሰው ገና ሻንጣውን ሳይፈታ «ሕጉን እርሳው፣ ነርሲንግ ተማር» ይባላል። ምክሩ ከደግ ልብ ቢመጣም ስህተት ነው። ያ ዲግሪ በትንሽ ከተማ ቢሮ ከፍቶ ለመሥራት፣ ማታ ማታ ለማስተማርና ለወገን በአማርኛ ለመጻፍ የሚያደርስ መንገድ አለው። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ ነው። ብዙዎቹ ጄዲ የሚባለውን የሦስት ዓመት የአሜሪካ የሕግ ዲግሪ ይጠይቃሉ። በውጭ አገር ለተማረ ሰው በሰፊው የሚታወቀው በር ኒውዮርክ ነው። የእኛ ሕግ በኮድ የተጻፈ ስለሆነ ኒውዮርክ በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ከተመሠረተው ከራሱ ሥርዓት ጋር እኩል አያየውም፤ ጉድለቱን ግን ኤልኤልኤም በሚባለው የሕግ ማስተርስ ማሟላት ይፈቅዳል። ማስተርሱ የሚሞላው አንድ ጉድለት ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ትምህርት በዓመት ብዛትም ካነሰ፣ ለምሳሌ ዲፕሎማ ከሆነ፣ ሁለቱን ጉድለት በአንድ ላይ አይሸፍንም።

ኤልኤልኤሙ ቢያንስ 24 ክሬዲት መሆን አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 2ቱ በሙያ ሥነ ምግባር፣ 2ቱ በሕግ ምርምርና ጽሑፍ፣ 2ቱ በአሜሪካ የሕግ ሥርዓት፣ 6ቱ ደግሞ ባር በሚባለው የጥብቅና ፈተና በሚጠየቁ የትምህርት ዓይነቶች። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። በሰብአዊ መብት ወይም በታክስ ብቻ ያተኮረ ማስተርስ ጨርሶ ሁለቷ የጽሑፍ ክሬዲት የጎደለችው ሰው ለፈተና አይቀመጥም። ስለዚህ በመጀመሪያ ሰነድ ለኒውዮርክ ፈታኝ ቦርድ አስገብቶ ማስገምገም፣ ቀጥሎ ኮርሶቹ መስፈርቱን እንደሚያሟሉ ከትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ የትምህርት ክፍያው ከዚህ ሁሉ በኋላ።

ሰነዱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት፤ ዘመድ በሻንጣ ያመጣው አያገለግልም። አዲስ አበባ ላለና ዩኒቨርሲቲው ሄዶ ለሚያስፈጽም ሰው በቆንስላ በኩል ውክልና መስጠት ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የምረቃ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ፣ ከማመልከቻው ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል፤ ትርጉሙ ሁለቱንም አቆጣጠር ይያዝ። ስምም እንዲሁ። ዲግሪው ላይ «ኃይለ ማርያም» ተለያይቶ፣ ፓስፖርቱ ላይ ተያይዞ የተጻፈ ከሆነ፣ ወይም ግሪን ካርዱ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ካደረገው፣ አንድ ሰው መሆናችሁን የሚያስረዳ ማረጋገጫ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

የባር ፈተናው ሁለት ቀን ነው፤ በፌብሩዋሪና በጁላይ ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ስድስት የጽሑፍ ጥያቄና ሁለት የተግባር ሥራ፣ በሁለተኛው 200 የምርጫ ጥያቄ። ማለፊያው ከ400 266 ነው። የኢትዮጵያ ምሩቅ ሕግ በእንግሊዝኛ ስለተማረ ንባቡ አይከብደውም፤ የሚከብደው ፍጥነቱ ነው። 200 ጥያቄ በስድስት ሰዓት ማለት ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

የለመድነው ሕግ ራሱ የሚያሳስትበት ቦታም አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1678 መሠረት ለውል ችሎታና ፈቃድ፣ በቂ ሆኖ የተወሰነ ጉዳይ፣ ሕግ ሲያዝ ደግሞ ፎርም፣ ማለትም የታዘዘው የአጻጻፍ ሥርዓት፣ ይበቃል። በአሜሪካ ግን ተዋዋዮቹ አንዱ ለሌላው የሚሰጡት መልስ ዋጋ፣ ኮንሲደሬሽን የሚሉት፣ ከሌለ ቃል መግባት ብቻውን በመደበኛው አያስገድድም። በአገር ቤት ደመ ነፍስ የመለሰ ሰው እዚህ ላይ ነጥብ ይጥላል። ንብረት ከዚህም ይብሳል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ መሬትን ለእከሌ ዕድሜ ልክ፣ ከእርሱ በኋላ ለእከሌ እያሉ የሚከፋፍሉትን የእንግሊዝ ሕግ ቅርስ ከዜሮ መማር ያስፈልጋል። የማስረጃ ሕጉ፣ በተለይ የስሚ ስሚ ማስረጃ ክልከላና ብዙዎቹ ልዩ ሁኔታዎቹ፣ ከሁሉም በላይ ልምምድ ይጠይቃል። የዝግጅቱን ግማሽ ጊዜ ለእነዚህ ሦስቱ ብትሰጡ አይበዛም።

ከዚያ በተጨማሪ ማለፊያው 85 ነጥብ የሆነ የሥነ ምግባር ፈተና፣ ስለ ኒውዮርክ ሕግ ከ50 ጥያቄ 30 የሚመለስበት የኦንላይን ፈተና፣ 50 ሰዓት ነፃ የሕግ አገልግሎትና የጠባይ ምርመራ አለ። በምርመራው ዕዳንም ክስንም ሳይደብቁ መጻፍ ነው፤ መደበቁ ከጉዳዩ በላይ ይጎዳል።

አሁን ወደ ትንሿ ከተማ። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ በአንድ ክፍለ ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ በሁሉም የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መቆም ይችላል። የኒውዮርክ ፈቃድ ይዞ በሌላ ክፍለ ግዛት የሚኖር ግን ፍቺ፣ የቤት ኪራይ ወይም የትራፊክ ቅጣት መያዝ አይችልም፤ ካርዱና ማስታወቂያው ላይም ይህንን በግልጽ ማስፈር አለበት። የደንበኛ ገንዘብ በተለየ የአደራ ሒሳብ ይቀመጣል፤ «ሰኞ እመልሰዋለሁ» ተብሎ ከዚያ የተነካ ገንዘብ ፈቃድ ያስነጥቃል።

ፈቃዱ እስኪመጣ ሌላ ሕጋዊ በር አለ። የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ዕውቅና በሰጠው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው እውቅና ያለው ተወካይ መሆን ይችላል። ከፊል እውቅና በኢሚግሬሽን ቢሮ ፊት፣ ሙሉው በፍርድ ቤትም ያሠራል፤ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ከዚህ ውጭ «ፎርም ብቻ ነው የምሞላው» እያሉ ለሰው ጥገኝነት መጠየቂያ ማዘጋጀት ያለ ፈቃድ ጥብቅና ነው። የዚያን ሰው ጉዳይ ያበላሻል፤ ነገ በጠባይ ምርመራም ይነሳል።

ማስተማሩ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይጀምራል፦ የንግድ ሕግ ወይም የፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ኮርስ፣ ማታ፣ ክፍያው በኮርስ። ለዚህ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ይጠየቃል፤ ኤልኤልኤሙ እዚህም ይጠቅማል።

ስትጽፉ አጠቃላይ መረጃ ጻፉ። ጥገኝነት በመደበኛው አገር በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ እንዳለበት በአማርኛ በግልጽ የተጻፈ አንድ ገጽ የብዙ ቤተሰብ ዕጣ ይለውጣል። ቀኑን ጻፉበት፤ ደንብ ይቀየራልና። የደንበኛን ታሪክ ግን ስሙን ቀይራችሁም ቢሆን አትጻፉ። ሀበሻው ሁሉ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በሚገናኝበት ከተማ የመጣበት ወርና የልጆቹ ቁጥር ብቻ ማንነቱን ያሳውቃል።