ከጭነት አይሱዙ ቅጥቅጥ ማውጣት፦ የአሮጌ ትንሽ ሞዴል (መጫወቻ) መኪና ጥገናና ቅየራ

ቅጥቅጥ ራሱ የቅየራ ውጤት ነው። የጭነት አይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ ተቀጥቅጦ የሰው መጫኛ አካል ይለብሳል። በመጫወቻ መጠን የተሠራ አሮጌ የብረት ሞዴል አይሱዙን ወደ ቅጥቅጥ መለወጥ ማለት ያንኑ የጋራዥ ሥራ ጠረጴዛ ላይ መድገም ነው፤ ችግሮቹም አንድ ናቸው። ሻንሲው ያጥራል፣ ላሜራው ይጠማዘዛል፣ ቀለሙ ይላጣል። ባሕር ዳር ላይ የሐይቁና የክረምቱ እርጥበት ይጨመርበታል።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ቶሚካ በተባለው የጃፓን የመጫወቻ መኪና ስም የወጣው አይሱዙ ኤልፍ ነው። ኤልፍ ማለት እኛ ኤን ፒ አር የምንለው መኪና በአገሩ የሚጠራበት ስም ነው። ቶሚካ ብዙ ጊዜ መጠኑን ከመኪናው ሥር ይጽፋል፤ ለምሳሌ 1፡67፣ ማለትም የእውነተኛው መኪና 67 ሚሊ ሜትር በሞዴሉ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማችቦክስ የተባሉት የድሮ የእንግሊዝ መጫወቻ መኪኖች ግን በሳጥናቸው ልክ ስለተሠሩ አንዱ ከሌላው በመጠን አይገጥምም፤ የሁለት ማችቦክስ ክፍሎችን ከማጋጠማችሁ በፊት ለኩ።

ከመፍታት በፊት ብረቱን መርምሩ። እነዚህ መኪኖች የሚፈሱት ከዛማክ ነው፤ አብዛኛው ዚንክ ሲሆን 4 በመቶ ያህል አሉሚኒየም ይገባበታል። ዚንኩ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ከተቀላቀለ ብረቱ በቅንጣቶቹ መካከል ከውስጥ ይበሰብሳል፤ እርጥበትና ሙቀት ያፋጥኑታል። በ1929 እ.ኤ.አ. የኒው ጀርዚ ዚንክ ኩባንያ እጅግ በተጣራ ዚንክ የተሠራውን ዛማክ ያወጣው ለዚህ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላም ቆሻሻ ብረት ያፈሰሱ ፋብሪካዎች ስለነበሩ በሽታው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩ ሞዴሎች ላይ በብዛት ይታያል። ምልክቱ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ገጽ፣ ያበጠ በር፣ የተጣመመ ወለል ነው። መድኃኒት የለውም። እንዲህ ያለውን ቀለም አትላጡት፤ ብዙ ጊዜ መኪናውን አንድ ላይ የያዘው ቀለሙ ነው።

ጤነኛ ከሆነ ወለሉን የያዘውን ሪቬት በትራፓኖ ክፈቱ። መሃሉን በነጥብ ምልክት አድርጉ፤ ያለዚያ ፑንታው (መብሻው) ተንሸራቶ ወለሉን ይቧጭራል። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ የተጨፈለቀው ጫፍ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ቁረጡና አቁሙ። ከዚያ ምሰሶውን በ1.6 ፑንታ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብሱና በኤም 2 (2 ሚሊ ሜትር) ማስኪዮ የብሎን ጥርስ አውጡለት። ዛማክ ፑንታ ላይ ይጣበቃል፤ ላምባ ጠብ እያደረጋችሁ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ ሂዱ። ላምባውን የናቀ ሰው ማስኪዮውን ምሰሶው ውስጥ ሰብሮ ያስቀረዋል፤ ያን ማውጣት ከቀሪው ሥራ ሁሉ ይከብዳል። መዝጊያው የላፕቶፕ ኤም 2 ብሎን ነው።

ቀለም ለመላጥ መስታወቱን፣ ወንበሩንና ጎማውን አውጡ። ብረቱን ብቻ በፍሬን ዘይት ውስጥ አንድ ቀን ዘፍዝፉና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። እምቢ ካለ የመኪና ቀለም ማስለቀቂያ ቀቡ፤ ጓንት አድርጋችሁ ከቤት ውጭ ሥሩ። ካስቲክ ሶዳ አትንኩ፤ ዚንክን ይበላል፤ ኮምጣጤና ሎሚም እንዲሁ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉ፤ በውኃ እያራሳችሁ ይሁን።

አሁን መለኪያ ይዛችሁ ወደ መናኸሪያ ውረዱ። ረዳቱን አስፈቅዳችሁ አንዱን መኪና ለኩ፤ ከአራቱም በኩል ፎቶ አንሱ። ሁለት ቅጥቅጦች ልክ አንድ ስለማይሆኑ በግምት የተሠራ ሞዴል ማንንም አይመስልም። ከፊትና ከኋላ ጎማ መሃል ያለው 3.80 ሜትር ቢሆን በ1፡67 57 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 7 ሜትር ርዝመት 104 ሚሊ ሜትር፣ 2.10 ሜትር ስፋት 31 ሚሊ ሜትር ነው። የቶሚካው ኤልፍ አጭር ስለሆነ ሻንሲው መቀጠል አለበት። ከጋቢናው ኋላ ቁረጡት፤ ከቆርቆሮ ሁለቴ የታጠፉ ሁለት ሐዲዶች በየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር እየተደራረቡ በኢፖክሲ ይጣበቁ። የሚጣበቀውን ገጽ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። በ5 ደቂቃ የሚደርቀው ኢፖክሲ ደካማ ነው፤ 24 ሰዓት የሚፈልገውን ተጠቀሙ። እስኪደርቅ ጎማዎቹ መስታወት ላይ ይቁሙ፤ ያለዚያ መኪናው በሦስት እግሩ ይቆማል።

አካሉን ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሥሩ። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሊድም (በካውያ እየቀለጠ የሚበይደውን ብረት) ይይዛል። የለስላሳ ጣሳ አሉሚኒየም ግማሹን እንኳን አይወፍርም፤ በካውያም አይያያዝም። ለታችኛው ጎን ሽፋን ግን ጥሩ ነው፤ ከጀርባው መጽሔት አንጥፋችሁ ባለቀ እስክሪብቶ ስትጫኑት የላሜራውን ሽንትር ያወጣል።

ግራ ጎን፣ ጣሪያና ቀኝ ጎን ከአንድ ቁራጭ ይወጣሉ። ጎኑ 28፣ ጣሪያው 31 ሚሊ ሜትር ቢሆን ድምሩ 87 ነው። ማዕዘኑ በ3 ሚሊ ሜትር ሲከብ ከእያንዳንዱ 1.3 ያህል ይቆጠባል፤ ስለዚህ 85 ቁረጡና ትርፉን በሞረድ አውርዱ። መቀስ ጠርዙን ያጣምመዋል፤ በብረት ማስመሪያ ላይ ከተር 8 ወይም 10 ጊዜ ጎትቱበትና እያጠፋችሁ እያቀናችሁ ስበሩት። መስኮቶቹ ቆርቆሮው ገና ጠፍጣፋ ሳለ ይከፈቱ። በመስኮት መካከል ያለው ምሰሶ ከ2 ሚሊ ሜትር ከቀጠነ ሲታጠፍ ይጠማዘዛል። የሚታጠፈው በእጅ ብቻ አይደለም፤ በልኩ በተጠረበ የዋንዛ እንጨት ላይ ነው፤ ዋንዛ ልስላሴው ለሞረድ ይመቻል።

ጀማሪ የሚሳሳተው በር ላይ ነው። ኤልፉ ለጃፓን መንገድ የተሠራ በመሆኑ መሪው በቀኝ ነው። የእኛ ቅጥቅጥ መሪው በግራ፣ የተሳፋሪ በሩ በቀኝ ስለሆነ በሩን በቀኝ ክፈቱ፤ ከውስጥም የመሪውን ዘንግ ቆርጣችሁ ወደ ግራ አዙሩ።

የቆርቆሮው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ አለው፤ ሊድ የሚገባበትን ቦታ ካልፈተጋችሁት አይይዝም። ባለ 40 ዋት ካውያ ይበቃል። አካሉ ሙሉ በሙሉ ከተበየደ በኋላ ነው ዛማኩ ላይ በኢፖክሲ የሚቀመጠው፤ ዛማክ በ385 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ የጋለ ካውያ ጋቢናውን ሊያበላሸው ይችላል። የብየዳውን አሲድ በሳሙና እጠቡ፤ ከቀረ ከቀለም ሥር ዝገት ያወጣል። የጣሪያው ፖርቶ መጋላ ከስልክ ሽቦ 0.5 ሚሊ ሜትር መዳብ ይሠራል።

ቀለም ላይ ትልቁ ስህተት ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የተገዛ ቀይ አንቲረስት ነው። ለብረት በር የተሠራ የዘይት ቀለም ነው፤ ዚንክ ላይ ሲቀባ ከዚንኩ ጋር ሳሙና ይፈጥርና ከወራት በኋላ እንደ ልጣጭ ይነሣል። ከመኪና ቀለም ሱቅ ሁለት ክፍል ያለው ኢፖክሲ ፕራይመር ግዙ፤ ዛማኩንም፣ ቆርቆሮውንም፣ አሉሚኒየሙንም ይይዛል። ላዩ ናይትሮ (በቲነር የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ የመኪና ቀለም) ይሁን፤ ለአነስተኛ መርጫ 1 እጅ ቀለም በ1.5 እጅ ቲነር፤ ከ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሦስት ስስ ዙር፣ በየዙሩ 15 ደቂቃ ክፍተት። ናይትሮ በዘይት ቀለም ላይ አይረጭም፤ ያሸበሽበዋል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ናይትሮ ነጭ ጉም ይለብሳል። ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዛል፤ እርጥብ አየር ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ዝናብ ባልጀመረበት ሰዓት ርጩ፤ ሞዴሉን አስቀድማችሁ ፀሐይ ላይ 10 ደቂቃ አሙቁት፤ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ምረጡ። ጉሙ ከወረደ በላዩ ንጹሕ ቲነር ስስ አድርጋችሁ ርጩበት፤ ብዙ ጊዜ ይገፍፈዋል። በበጋ ጠላቱ አቧራ ነው፤ ሞዴሉን አስገብታችሁ የምትረጩበትን ካርቶን ከውስጥ በውኃ አርሱት። ሐይቁ ዳር ከመሸ በኋላ መብራት አብርታችሁ አትርጩ፤ ትንኙ ቀለሙ ላይ ያርፋል።

መስኮቱን ከማሸጊያ ፕላስቲክ ቁረጡና በእንጨት ኮላ ለጥፉ፤ ሱፐር ግሉ መስታወቱን ያጨሰዋል። ታፔላውና ታርጋው በሌዘር ታትመው ይለጠፉ፤ በቀድሞው የታርጋ አሠራር የንግድ መኪና ኮድ 3 በአረንጓዴ፣ ክልሉ አማ ነበር። ጎማው ከፈራረሰ በልኩ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ይገኛል። የድሮ ለስላሳ ጎማ ግን ፕላስቲክ ሲነካ ያቀልጠዋል፤ መኪናውን በፕላስቲክ መደርደሪያ ላይ በጎማው አታቁሙት፤ ከወለሉ ሥር የእንጨት ቁራጭ አስገብታችሁ ጎማውን አንሡ።