አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር

እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2023 ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የማስታወስ ችሎታ መመርመሪያ ክፍል ከአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ጎን ተቀምጬ ነበር። ዶክትሬቴን ከጨረስኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ የዚያን ዕለት ሥራዬ መመልከትና መመዝገብ ብቻ ነበር። አስተርጓሚው በስልክ ነው። መርማሪዋ ሰዓት እንዲስሉና አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ እንዲያደርጉት ጠየቀች፤ አስተርጓሚው ቃል በቃል አስተላለፈው። እርሳቸው ክቡን አስተካክለው ሳሉ፣ ቁጥሮቹን በየቦታቸው ደረደሩ፣ ከዚያም አጭሩን ቆጣሪ አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ አሳረፉት።

ይህን የምታነቡ ወዲያው ይገባችኋል። እጃቸው ላይ ያሰሩት ሰዓት በፈረንጅ የተሞላ ነው፤ እርሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በልባቸው ስድስት እያዛወሩ ሲያነቡት ኖረዋል። አጭሩ ቆጣሪ አምስት ላይ ከሆነ ለእርሳቸው አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

ቀኑን ሲጠየቁ “መጋቢት አምስት” አሉ። ዓመቱን ሲጠየቁ “ሁለት ሺህ አሥራ አምስት።” አስተርጓሚው መጋቢትን ማርች ብሎ አሳለፈው፤ ቀኑና ዓመቱ ግን እንደ ሰዓቱ ሥዕል ሁሉ ስሕተት ተባሉ። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀሩ አሮጊት! በዚህ ሙያ ይህ ቀላል ምልክት አይደለም። ከ30 ነጥብ 23 ተሰጣቸው። በዚህ ፈተና ጤናማ የሚባለው 26ና ከዚያ በላይ ነው፤ ሦስቱ ነጥቦች ቢመለሱላቸው ልክ 26 ይሞላሉ።

“ሦስቱም መልሶች ትክክል ናቸው” አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ልምዴ ከሁሉም ያንሳል፣ ቪዛዬም የተንጠለጠለው በዚያው ሥራ ላይ ነው። መርማሪዋ ግን በትዕግሥት አዳመጠችኝ፤ ወረቀቱም ተስተካከለ። ስንወጣ እጄን ይዘው “ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?” አሉኝ። “የለም እማማ፣ ያጠፋነው እኛ ነን” አልኳቸው።

የእርጅና ጥናት ማንን ማየት እንዳለበት ለመማር ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። እዚሁ ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረው ታዋቂው የረጅም ጊዜ ጥናት ሴቶችን ያስገባው በ1978 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያረጅ የተመረመረው ወንዶችን ብቻ በማየት ነበር። ዓይን ሲሰፋ ደግሞ ምን እንደሚገኝ በናይጄሪያዋ ኢባዳንና በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ከተሞች የተደረገው ጥናት አሳይቷል። በሁለቱም ቦታ ለሚኖሩ አረጋውያን እንዲስማሙ ሆነው በተዘጋጁ ጥያቄዎች ተመርተው፣ ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ውጤት አስደናቂ ነበር፤ በየዓመቱ በአልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ) አዲስ የሚያዙት የኢባዳን ዮሩባዎች መጠን በኢንዲያናፖሊስ ካሉት ጥቁር አሜሪካውያን ከግማሽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው፤ ለምን?

የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአናሳ ማኅበረሰቦች እርጅና ላይ የሚሠሩና ጀማሪ ተመራማሪዎችን የሚያግዙ ማዕከላትን መደገፍ የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም እኔ መጀመሪያ ገንዘብ የጠየቅሁበት ቦታ የመለሰልኝ “ቁጥራችሁ ትንሽ ነው” ብሎ ነው። ያን ደብዳቤ ሳነብ የታዩኝ እጄን የያዙት እናት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ፈተና ገጠመኝ፤ ወገኖቼን ከስሕተት ለመጠበቅ መጓጓቴ ራሱ። አንድ አባት ዓመቱን “ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት” አሉኝ። ስምንት ደመርኩ፤ አልደረሰም። ከአገር የወጡበት ዓመት መሆኑን ከፋይላቸው አየሁ። ድካም ይሆን አልኩ፣ ጆሯቸው ይሆን አልኩ፣ ጥያቄውን ደገምኩት። የጠየቅኋቸው እኔው ራሴ በአማርኛ ስለነበር የማመካኝበት አስተርጓሚ እንኳ አልነበረም። ዜሮ ጻፍኩ። እንደዚያ ቀን እጄ ከብዶኝ አያውቅም።

ልጃቸው ኮሪደር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። “ጃጅተው ነው ብለን እንጂ በሽታ ነው አላልንም” አለችኝ። ወንድሞቿ እንደማያምኗት ነግራኝ በአማርኛ እንድጽፍላት ለመነችኝ። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ጻፍኩ፤ የመርሳት በሽታ ምን እንደሆነ፣ ለምን ከእርጅና እንደሚለይ፣ አባታቸው ሲሳሳቱ ለምን መከራከር እንደማይገባ። ከወረቀቱ ራስጌ ላይ የእኛንም የእነርሱንም ቀን ጎን ለጎን አሰፈርኩ።