አምስት ተማሪ፣ አንድ ውዝዋዜ፣ ስንት ማርክ?

የቡድን ውዝዋዜ ማስተማር ደስ ይላል። ራስ ምታቱ ማርክ መስጠቱ ነው። አምስት ተማሪዎች አንድ ሥራ ይዘው ይቀርባሉ። አብዛኛውን ያወጣችው አንዷ ናት። ሦስቱ በደንብ ለፍተዋል። አንዱ ከኋላ ቆሞ የፊተኛውን ትከሻ እያየ ይከተላል። ለሁሉም እኩል ብትሰጡ የለፋችው ታኮርፋለች፣ እውነቷንም ነው። በግል ብቻ ብትሰጡ ደግሞ ሁሉም ራሱን ለማሳየት ይሮጥና ቡድን የሚባል ነገር ይቀራል። ድሬዳዋ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር ከምንም በላይ ያሰብኩበት ጉዳይ ይሄ ነው። አሁን የምሠራበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

ማንም ተማሪ ባዶ እጁን ወደ ቡድኑ አይገባም። እያንዳንዱ አንድ አጭር እንቅስቃሴ ይዞ ይመጣል፤ ከቤቱ፣ ከሰፈሩ፣ ከሰርግ ያየውን። ድሬ ላይ ይሄ አይቸግርም። ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን ያደጉ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። አንዱ የሐረርጌ ኦሮሞ ሸጎዬ ያውቃል፣ ሌላዋ የሶማሌ ዳንቶ፣ ሌላው እስክስታ ወይ የጉራጌ ጭፈራ። ያመጣውን ለጓደኞቹ የሚያስተምረው ራሱ ነው። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። አንድ ልጅ የሚደንሰውን ምን ያህል እንደሚያውቀው የሚታወቀው ሲያስተምር ነው።

አንዲት ተማሪ ዳንቶ ስታሳይ ወንዶቹ እየዘለሉ አስቸገሯት። ሙዚቃውን አስቆመችና «አቦ ቀስ በሉ! ግመል ስትሄድ አይታችሁ አታውቁም?» አለቻቸው። ከዚያ ጉልበቷን ለቀቅ አድርጋ፣ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብላ እያዛወረች ግቢውን ዞረች። ተከተሏት። ሲመለሱ እርምጃቸው ተለውጧል። ለእሷ ማርክ የጻፍኩት የዚያን ቀን ነው፣ ትርኢቱ ሳይደርስ።

ስለ ቆጠራ አንድ ነገር ልበል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የዳንስ ትምህርት አብዛኛው በስምንት ይቆጥራል። የእኛ ችክችካ፣ የእስክስታው ምት፣ ግን 6/8 ነው፤ በስድስት ይቆጠራል፣ ክብደቱ አንድና አራት ላይ ይወድቃል። በስምንት ቆጥሮ እስክስታ የሚያቀናብር ቡድን የዙሩ መጨረሻ ላይ ይጋጫል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ እናጨበጭባለን፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። መብራት ሲጠፋም አንቸገርም፣ ከበሮና ጭብጨባ አለን።

ቅንብሩ ላይ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ሁሉም እኩል የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ይኑር። አንዱ ጀምሮ ሌላው የሚቀበልበትም ይኑር። አሰላለፋቸው ቢያንስ አንዴ ይቀየር። አንዴም ሁሉም ቀጥ ብለው ይቁሙ። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳቸዋል፤ አንዱ ፀጉሩን ይነካካል፣ ሌላዋ ትስቃለች። ለኔ ግን ቡድን መሆናቸው የሚታየው አብረው ሲቆሙ ነው። ሌላው ፈተና ተመልካቹ ነው። ሸጎዬ ላይ ተወዛዋዦቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ የትግርኛው በክብ ይዞራል። የትምህርት ቤት ተመልካች ደግሞ በአንድ ወገን ነው የሚቀመጠው። መስመሩን አዙረው ወይ ክቡን ከፍተው መፍትሔ ሲያገኙ ኮሪዮግራፊ፣ ማለትም ውዝዋዜ ማቀናበር፣ ጀመሩ ማለት ነው።

ማርኩ ከ20 ነው። 8ቱ የቡድን ነው፣ ለሁሉም እኩል፤ የሚያዘው ቅንብሩ ላይ ነው። 12ቱ የግል ነው፦ 4 ላመጣውና ላስተማረው፣ 4 ለልምምዱ፣ 4 ለመጨረሻው ቀን። በልምምድ ጊዜ እያንዳንዱ «ዛሬ ምን ቀየርን? ለምን?» ለሚል ጥያቄ ሁለት መስመር ይጽፋል። መጻፍ የሚከብደው በቃል ይነግረኛል። መሃል ላይ በስልክ እቀርጻቸዋለሁ፣ ማርክ የለውም። ቪዲዮውን አብረን እናያለን። እዚያ ላይ «አሪፍ ነው» ማለት ክልክል ነው፤ ያየኸውን ተናገር፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቅ።

በመጨረሻው ቀን ሥራውን ካቀረቡ በኋላ ቦታ አቀያይራቸዋለሁ። የኋላው ወደ ፊት ይመጣል። የሚያየው ትከሻ የለም። የሠራና ያልሠራ ያኔ ይለያል። ይህን የምነግራቸው ገና ሲጀምሩ ስለሆነ ማንም ተታለልኩ አይልም። እንዲያውም ጎበዞቹ የኋላውን ልጅ ቀድመው ያስጠኑታል፤ የፈለግኩትም ይሄንኑ ነው።

የቦታችንንም ነገር ማሰብ ግድ ነው። የድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ አያስደንስም፣ ልምምዱ በጠዋት ነው። ዝላይ የበዛበትን ሲሚንቶ ላይ አላሠራም፣ ጉልበት ይጎዳል፤ አፈሩ ሜዳ ላይ እንወጣለን። በረመዳን የአካል ፈተና አልይዝም። በዚያ ወር አሰላለፍ በወረቀት ይስላሉ፣ ቪዲዮ አይተው ይተቻሉ። ወንድና ሴት እጅ ለእጅ መያያዝ የማይፈልጉ ካሉ በነጠላ ጫፍ ወይም በዱላ ይያያዛሉ፣ ካልሆነም ርቀታቸውን ይጠብቃሉ። ለዚህ ማርክ አይቀነስም።

«ቲቸር፣ ለምን 13 ሰጠኸኝ?» የሚል አሁንም ይመጣል። የጻፈውን፣ የመሃሉን ቪዲዮና የኔን ማስታወሻ አብረን እናያለን። የረሳሁት ነገር ካሳየኝ ማርኩ እዚያው ይስተካከላል።